ዋንዛ በሁዬ

ከኪጋሊ፣ ከኒያቡጎጎ አውቶቡስ ተራ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሣን። ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን የኒያባሮንጎን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ቀጥ ያለ መንገድ የለም። አንዱን ኮረብታ ዞረን ስንጨርስ ሌላው ይጀምራል። ከመንገዱ በላይ ሙዝና ባሕር ዛፍ፣ ከታች ሸለቆው ውስጥ የሚታረስ ረግረግ። ሙሃንጋን፣ ሩሃንጎን፣ ኒያንዛን አልፈን ሁዬ ገባን። ብዙ ሰው ከተማዋን አሁንም በድሮ ስሟ፣ ቡታሬ ብሎ ይጠራታል።

የሄድኩት ኢንጎማ ንሺያ የሚባሉትን ሴት ከበሮ መቺዎች ለማየት ነው። እኔ ከበሮ ያነገትኩት በ12 ዓመቴ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ማንገቻው አንገቴን ሲልጠኝ እንኳ አላወርደውም ነበር። በእኛ አገር ማሕሌቱ ላይ ከበሮው የመዘምራን ነው፤ ሰርግ ቤት ግን እናቶቻችን ይመቱታል፣ እልልታውም ከዚያው ይነሣል። ስለዚህ በሩዋንዳ ሴት ልጅ ከበሮ አትነካም ይባል እንደነበር ስሰማ ነገሩ አልገባኝም። ምክንያቱን ሲጠይቁ ከሚሰጠው መልስ አንዱ ይከብዳታል የሚል ነው። ያቺው ሴት ከወንዝ ውኃ፣ ከጫካ እንጨት ተሸክማ ትመጣለች።

ኢንጎማ በኪንያሩዋንዳ ከበሮ ማለት ነው፤ መንግሥት ማለትም ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር፤ የሕግ ጋዜጣችንም እስከ ዛሬ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በሩዋንዳም ዘውዱ በ1961 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) እስኪወገድ ድረስ ካሊንጋ የተባለው ከበሮ የንግሥናው ምልክት ነበር። ንሺያ ደግሞ አዲስ ማለት ነው። ጸሐፊ ተውኔቷ ኦዲል ጋኪሬ ካቴሴ በ2004 እዚሁ ከተማ ሴቶቹን ስታሰባስብ ያወጣችው ስም አዲስ ከበሮም፣ አዲስ መንግሥትም ይሆናል። ይህን ስም የመረጠች ሴት የምትነካውን ነገር በደንብ ታውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ልምምዳቸው ላይ ደረስኩ። ኪቴንጌ የሚባለውን ባለ ቀለም ጨርቅ ያገለደሙ ሴቶች ከበሮዎቹን ከመሬት አቁመው ግማሽ ክብ ሠርተዋል። የእኛ ከበሮ በመዳፍ ይመታል፤ የእነሱ በሁለት ዱላ ነው። መጀመሪያ የጮኸችው ኢሻክዌ የምትባለው ከበሮ ናት፤ ከሁሉ ታንሳለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን መሪዋ እሷ ናት። ኢንያሁራ ተከተለቻት። ከዚያ ኢጊሁሙሪዞ የሚባለው ወፍራሙ ገባ፤ እሱን በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ሥር ነው የሰማሁት። ሴቶቹ ዝም ብለው አይመቱም። ይዘላሉ፣ ይዞራሉ፣ ዱላውን ሽቅብ ሰቅለው ለአፍታ ያቆዩትና ሁሉም በአንድ ላይ ያወርዱታል። ያቺ አፍታ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ።

ዕረፍት ሲያደርጉ አንዱን ከበሮ ዳሰስኩት። ከየትኛው ዛፍ እንደሚፈለፈል ስጠይቅ ኡሙቩጋንጎማ አሉኝ፤ ኢንጎማ የሚለው ቃል ዛፉ ስም ውስጥ አለ። ሲያሳዩኝ ቅጠሉን ለየሁት። ዋንዛ ነው! የአያቴ ቤት በር ላይ ፍሬውን እየለቀምን እጃችን የሚሙለጨለጭበት ዋንዛ። እኛም ከበሮ የምንፈለፍለው ከእሱ ነው።

ከሁዬ ትንሽ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ቡሩንዲ ነው። የቡሩንዲ የከበሮ ሥርዓት በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በ2017 ደግሞ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሴት ከበሮ እንዳትመታ የሚከለክል ድንጋጌ አወጡ። ዛፉ አንድ፣ ቆዳው አንድ፣ በመካከል ያለው የአካንያሩ ወንዝ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለ 1994ቱ የዘር ማጥፋት እኔ አልጠየቅኩም፤ እንግዳ ሆኜ የሰው ቁስል መነካካት አልፈለግኩም። ግን ይህች ከተማ ምን እንዳየች አንብቤ ነው የመጣሁት። የንጉሥ ሙታራ 3ኛ ባለቤት የነበሩት ንግሥት ሮዛሊ ጊቻንዳ የተገደሉት እዚህ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1994 ነው። ኢንጎማ ንሺያ ውስጥ ባሏንና ልጆቿን የቀበረች፣ ያለ ወላጅ ያደገች፣ ባሏ በግድያ የታሰረባትም ሴት ጎን ለጎን ይቆማሉ። በ2010 ኢንዞዚ ንዚዛ፣ መልካም ሕልም የሚባል አይስክሬም ቤት በኅብረት ከፈቱ፤ ካቴሴ ከበሮው ብቻውን ቤት እንደማያቆም አስባበታለች ማለት ነው። እኔ ግን የበለጠ የያዘኝ ልምምዱ ነው። አንዷ የጎረቤቷን ዱላ ካልሰማች ምቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ማስመሰል አይቻልም።

ማምሻውን ኢሻክዌዋን የያዘችው ሴት በእጇ ጠራችኝ። በእድሜ እናቴን ታክላለች። ሁለት ዱላ ሰጠችኝና ከኢንያሁራዋ ፊት አቆመችኝ። መታሁ። ራሷን ነቀነቀች። ደገምኩ፣ አሁንም አልወደደችውም። ምቱ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ያየችው ግን ክንዴን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሴት ልጅ ከበሮ ስትመታ ክንዷን ሰብስባ ነው ተብለን ነበር የተማርነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ክርኔ ጎኔ ላይ ተጣብቋል። ከኋላዬ መጥታ ሁለቱንም አንጓዎቼን ያዘችና ከራሴ በላይ አነሣቻቸው።

«ሄጁሩ» አለችኝ፤ ወደ ላይ።

ለቀቀችኝና ወደ ኢሻክዌዋ ተመልሳ እንደገና ጀመረች።