ባለቤቴ የልጅ ልጆቿን በአንደበቷ ባረከች

ባለቤቴ ከእኛ ተለይታ ወደ ጌታዋ ሄዳለች። ሊያጽናኑን ከመጡት መካከል «ያ ሁሉ ጸሎት የት ሄደ?» ብለው በልባቸው የጠየቁ እንዳሉ ይገባኛል። ጸሎታችን ተመልሷል። እንዴት እንደተመለሰ ልንገራችሁ።

ወሬ የምታበዛ ሰው አልነበረችም። ስትጸልይ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉንም በስም እየጠራች ነበር። የልጅ ልጆች ሲመጡ ስሙ በዛ፤ ጸሎቱም ረዘመ። ማታ ማታ ከጎን ክፍል ሆኜ እሰማታለሁ። ፈተና ያለበት፣ እንቅልፍ እምቢ ያላት፣ ከጓደኛው የተጣላው፣ አንዳቸውም አይቀሩም። ትልቁ ልጃችን የልጆች አባት ከሆነ በኋላ እንኳ ነገር ሲከብደው ይደውልና «እማዬ፣ ዛሬ ማታ ስሜን ጥሪልኝ» ይላታል።

ደግሞ ሹራብ ትሠራ ነበር። እጅጌውን ሆን ብላ ታስረዝመውና ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ በስሱ ትሰፋዋለች። ልጁ ሲያድግ ስፌቱን ትፈታለታለች። «ያድጋል እኮ!» ትል ነበር፣ ገና የተወለደውን ሕፃን አቅፋ።

አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ልትጠራኝ ሞከረች፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ወደ ግራው የአንጎል ክፍል ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ እሱ ግን በአብዛኛው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው። እሷን የያዛት ተኝታ ሳለች ስለሆነ መቼ እንደጀመራት የሚያውቅ አልነበረም። እባካችሁ፣ የሰው ፊት ሲጣመም፣ ክንዱ ሲዝል ወይም ንግግሩ ሲኮላተፍ ካያችሁ «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ። ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከሞት ተረፈች። ጌታ ይመስገን። ንግግሯ ግን አልተመለሰም። የምንላት ሁሉ ይገባታል፤ ልትመልስ ስትል ነው ቃሉ የሚጠፋት። አፌዥያ ይባላል። አእምሮዋ ሙሉ ነው። በዓይኗ እየተናገረች አንደበቷ ዝም ሲል ማየት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልብ ይሰብራል።

ጸለይን። ቤተሰቡ፣ የጸሎት ወዳጆቻችን፣ በሩቅ ያሉትም በስልክ። የእኔ ልመና አንዲት ነበረች፦ «ጌታ ሆይ፣ ያንተ ናት። በፈለግህ ጊዜ ውሰዳት። ግን የእነዚህን ልጆች ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠራ አትውሰዳት።» ወራት አለፉ፤ ምንም የለም። እሷ ግን ጸሎቷን አላቋረጠችም። ማታ የልጆቹን ፎቶ በግራ እጇ አንድ በአንድ ታነሳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ታስቀምጣለች፣ ቀጣዩን ታነሳለች። ያቺን ልመናዬን እንዳልተዋት ያደረገኝ ይህ ነው።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ትንሿ የልጅ ልጃችን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትዘምራለች። አያቷ እያስተኛች ያስተማረቻት መዝሙር ነው። መሃል ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋትና ቆመች። ባለቤቴ ቃሉን ዘመረችላት! ጥርት ያለ ቃል፣ በዜማው ላይ። እኛ ክፍል ውስጥ ያለን ሁሉ ደርቀን ቀረን። ልጅቷ ግን «አዎ፣ እሱ ነው» ብላ ቀጠለች። አያቷም አብራት እስከ መጨረሻው ዘመረች።

የንግግር ቴራፒስቷ ስንነግራት አልደነቃትም። መናገር ያቃታቸው ሰዎች የሚያውቁትን መዝሙር ወይም በቃል የያዙትን ጸሎት ማለት የሚችሉበት ጊዜ አለ አለችን። ዜማን በመጠቀም ንግግርን የማለማመድ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ይታወቃል። «ታዲያ ተአምሩ የቱ ጋ ነው?» ያለኝ ሰው አለ። ለእኔ መልሱ ቀላል ነው። አንጎልን የሠራው ጌታ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ በር ትቶላታል፤ በጸለይንበትም ወቅት በልጅ እጅ ከፈተው።

ከዚያ በኋላ የልጆቹን ስም በዜማ ማለማመድ ጀመርን። በግራ እጇ ጠረጴዛውን ቀስ እያለች ትመታለች፣ ስሙን ትዘምራለች። እየዋለ እያደረ ዜማው እየሳሳ፣ ስሙ ብቻውን መውጣት ጀመረ። በጣም አድካሚ ነበር። አንዳንድ ቀን የትናንቱም ይጠፋታል።

ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ቀን አንድ በአንድ ፊቷ ተንበረከኩ። ስም ትጠራለች፣ እጇን ትጭናለች፣ «ተባረክ»፣ «ተባረኪ» ትላለች። አንደኛው ጋ ስትደርስ ስሙ እምቢ አላት። ሁላችንም ልንነግራት አፋችን ላይ ደርሷል። ልጁ ቀና ብሎ «ቆይ፣ ራሷ ትበለው» አለን። የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረገች፤ ጠራችው። የእሱን ልቅሶ እስካሁን አልረሳውም። የሁሉም ስም ተጠራ።

ባረፈች ጊዜ የልጅ ልጆቿ ሹራቦቻቸውን ይዘው መጡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ መበለቶቹ ጣቢታ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩታል። ያንን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ግን አየሁት። ጣቢታ ከሞት ተነሣች። የእኔዋ ትንሣኤን ትጠብቃለች። እናፍቃታለሁ፤ ቤቱ ያለ እሷ አልለመደኝም። የለመንኩት ግን ተሰጥቶኛል።

አብራችሁን የጸለያችሁ ሁሉ፣ ጸሎታችሁ ተሰምቷል። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ንግግር የጠፋበት ሰው ካለ ጸልዩለት፣ የንግግር ቴራፒስትም ፈልጉለት። የሚወደውን መዝሙር አጠገቡ ሆናችሁ ዘምሩለት። የስንኙ መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና ቃሉን ለእሱ ተዉለት።

ክብር ሁሉ ለእግዚአብሔር ይሁን።