ጎል በጆሮ

ለንደን ውስጥ አንድ ስታዲየም አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስንት ጎል አየሽ ብትሉኝ ግን መልሴ ዜሮ ነው። የምሠራው ከመቀመጫዎቹ ሥር፣ ኮሪደሩ ላይ ባለች የምግብና የመጠጥ መሸጫ ውስጥ ነበር። ተመልካቹ ከጭንቅላቴ በላይ ተቀምጧል። ጎል ሲገባ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ የምግብ ማሞቂያው መስታወት ይርገፈገፋል። እንግዳው ቡድን ሲያገባ ከአንድ ጥግ ብቻ ጩኸት ይመጣል፤ ሌላው ጭጭ። ለጥቂት የሳተች ኳስ ደግሞ "ኡኡ" ብላ ጀምራ መሃል ላይ ትቋረጣለች። ቀስ በቀስ ጨዋታውን በጆሮዬ መከታተል ለመድኩ።

ነገሩ ከልጅነቴም እንዲሁ ነው። ኳስ ሜዳ ለእኔ መነገጃ እንጂ መመልከቻ ሆኖ አያውቅም። የሐዋሳ ልጅ ነኝ። እናቴ ቆሎ ትቆላለች፣ እኔ እሸጣለሁ። ሐዋሳ ከነማ በ1996 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ያህል ቆሎ ሸጬ አላውቅም። (በ1999 ሲደግመው አድጌ ማፈር ጀምሬ ነበር።) አንድ ስኒ በ50 ሳንቲም። መጠቅለያው የደብተር ወረቀት ነው፤ እንደ ቀንድ አሹለን እንጠቀልለዋለን። አንድ ቀን ወረቀት አለቀብኝና የራሴን የሒሳብ ፈተና ቀደድኩ። የገዛኝ ሰውዬ ቆሎውን ጨርሶ ወረቀቱን ዘረጋና "ከሃያ አራት!" ብሎ ለረድፉ ሁሉ አነበበው። ጨዋታው እስኪያልቅ ስሜ "አራት" ሆነ። "አራት፣ ወዲህ በይ!" ቆሎው ግን አለቀልኝ።

የለንደኑ ሥራ በኤጀንሲ ነው። ጨዋታ ካለ ትጠራላችሁ፣ ከሌለ ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ቴርሞሜትር ሰጡኝ። ፓይ ማለት ሊጥ ውስጥ ተከድኖ የተጋገረ የሥጋ ወጥ በሉት። ቴርሞሜትሩን መሃሉ ላይ ትሰኩታላችሁ፤ 75 ዲግሪ ካልደረሰ አይሸጥም። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ጣት የላቸውም?" አለችኝ።

ብርድ ሲሆን ደግሞ ደጋፊው የሚጠጣው ቦቭሪል የሚባል ጥቁር ትኩስ ነገር አለ። መልኩ ቡና ነው። የቡና አገር ልጅ ነኝና ሳላሸት በትልቁ ተጎነጨሁት። የበሬ ሥጋ መረቅ! ያውም ጨው የበዛበት። እስካሁን አልታረቅንም።

ቢራው የራሱ ጣጣ አለው። እንግሊዝ ውስጥ በትላልቆቹ ሊጎች ደጋፊ ሜዳው እየታየው አልኮል መጠጣት አይችልም። በፈረንጆቹ 1985 የወጣ ሕግ ነው፤ የኳስ ሜዳ ረብሻ ያስመረራቸው ጊዜ ነበር። ስለዚህ ቢራው የሚጠጣው ከታች፣ እኔ ያለሁበት ኮሪደር ላይ ተቁሞ ነው። ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ናት። በእሷ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ይወርዳል፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ቢራ ያዛል፣ ሁሉም ሽንቱ መጥቷል። ለመግዛት 18 ዓመት ይበቃል፤ እኛ ግን ከ25 በታች የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ እንጠይቃለን። ውሃና ለስላሳ ስንሸጥ ክዳኑን ነቅለን እናስቀራለን። ሙሉ ጠርሙስ ከነክዳኑ ሲወረወር ድንጋይ ነው፤ ክዳን ከሌለው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ይቀላል። ማታ ማታ የክዳን ባልዲ መድፋት የእኔ ሥራ ነበር።

ከሥልጠናው ያልረሳሁት ብራድፎርድ ስለሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ስታዲየም የነገሩንን ነው። በዚያው በ1985 ከእንጨት መቀመጫው ሥር የተጠራቀመ ቆሻሻ ተቀጣጥሎ 56 ሰው ሞተ። ከኋላ በኩል መውጫዎች ተቆልፈው ስለነበር ሸሽተው ወደዚያ የሮጡት ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። "በጨዋታ ቀን የተቆለፈ መውጫ ካያችሁ የያዛችሁትን ጥላችሁ ተናገሩ" ተባልን። ከዚያ ወዲህ የትም ስገባ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሐዋሳ ገባሁ። ወንድሜ "ዛሬስ እንደ ሰው ተቀምጠሽ ታያለሽ" ብሎ ትኬት ቆረጠልኝ። የትኛው ሜዳ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተጫወተ አልናገርም፤ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ታናሽ እህቴን ነይ ብላት "እኔ እዚሁ በቴሌቪዥን ይሻለኛል፣ እታለም" አለች። ስወጣ የያዝኩትን ሃይላንድ አየችና "እሱን አሁን አትጠጪው" አለችኝ። የሙቀቱን ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

ምሳችንን አሞራ ገደል በላን። ሐዋሳ ውስጥ ኳስ ሜዳ ገብቶ ምሳ የሚበላ የለም፤ የሚበላው ተበልቶ ነው የሚገባው። የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ፣ ከላይ የዓሣ ሾርባ። ዳጣው ያነዳል። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሜዳው።

ፀሐዩ በኩል ተቀመጥን። ኮንክሪቱ ምጣድ ነው፤ ልጆች መቀመጫ የሚሆን ቁራጭ ካርቶን ይሸጣሉ። ሱቅ በደረቴዎቹ በሰው ጉልበት መሃል ይሽሎከለካሉ። ለውዝ፣ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ቆሎ። የደብተር ወረቀቱ ቀርቶ አሁን በላስቲክ ሆኗል። "ማዘር፣ ቆሎ ላድርግልሽ?" አለኝ አንዱ። ማዘር! አርባ እንኳ አልሞላኝም። ተቀይሜም ቢሆን ገዛሁት። ብሩ በአምስት ሰው እጅ አልፎ ደረሰው፣ ቆሎውና መልሱ በዚያው መንገድ ተመለሱ። አራተኛው ሰውዬ ከቆሎዬ ቆንጠር አድርጎ "ጥሩ ነው" ብሎ አሳለፈልኝ። የለንደን አለቆቼ ይህን ቢያዩ አልኩ። እዚያ ሰው ዕረፍቱን በሙሉ ወረፋ ላይ ጨርሶ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ነው ብርጭቆው የሚደርሰው።

ዳጣው፣ ፀሐዩ፣ የለውዙ ጨው። ሃይላንዷን ጨረስኳት።

30ኛው ደቂቃ ላይ ወንድሜን ሽንት ቤት የት ነው አልኩት። ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል "ውይ" አለ። ወንዶቹ ግንብ አላቸው። ከግንቡ ሥር ያለውን አልገልጽላችሁም፤ ሽታው ራሱ መንገድ ያሳያል። "ሴቶች" የሚል የተጻፈበት በር አገኘሁ። ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ጓጉንቸሩ ዝጓል፤ የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ሸረሪት አድርታለች። ጥበቃውን ጠየቅሁት።

"ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ዛሬ አልመጣም፣ እህቴ።"

ትሁት ሰው ነው፤ አፍሯል። ሊያጽናናኝ መሰለኝ፣ "ሴት እኮ ብዙም አይመጣም" ብሎ ጨመረ። ለምን ይመስልሃል ልለው ነበር፤ ፋታ አልነበረኝም። ከአጠገቡ ያለው ሰፊው መውጫም በሰንሰለት ታስሯል። "ይህስ?" አልኩት። "ያለ ትኬት እንዳይገቡብን ነው።" ብራድፎርድን ልተርክለት አልችልም፤ በጠባቡ በር ሮጬ ወጣሁ።

አስፋልቱን ተሻግሮ ካፌ አለ። እንዲያው መግባት ነውር መሰለኝና ማኪያቶ አዘዝኩ። አስተናጋጇ ሳቀች። "ከሜዳ ነሽ አይደል? ሁሉም ማኪያቶ ነው የሚያዙት። ማንም ጨርሶት አያውቅም።"

ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። መጀመሪያ ፀጥታ። ቀጥሎ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ከአንድ ጥግ ሳይሆን ከዙሪያው። የቆርቆሮው በር ራደ። በእጄ ሶፍት እንደያዝኩ "የኛ ነው" አልኩ።

ስመለስ በሩ ላይ ሌላ ጥበቃ ቆሟል። ትኬቴን አገላብጦ "ይሄማ ተቀዷል" አለኝ። ወንድሜ መጥቶ እስኪያስገባኝ ዕረፍት ሆነ።

ከጎናችን የተቀመጡት የወንድሜ ጓደኞች ስለ ብሔራዊ ቡድን እየተከራከሩ ነበር። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዎቹ እኛ ነን፤ የተጫወትነው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ስታዲየሞቻችን ደረጃውን አያሟሉም ስላለ ማለት ነው። አንዱ ሣሩ ነው አለ፣ አንዱ መብራቱ ነው አለ። ደረጃ ሲባል ሁሉም የሚያየው ተጫዋቹ የሚረግጠውን ብቻ ነው። "ጓጉንቸሩስ?" አልኳቸው። የምን ጓጉንቸር እንደሆነ የገባው የለም።

በሁለተኛው አጋማሽ ጎል አልገባም።

ቤት ስንደርስ እህቴ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ሻይ ትጠጣለች። ወንድሜ ቆሞ ጎሉን በእጁ ያስረዳኝ ጀመር። "በግራ አብርዶ፣ እዚህ ጋ መታት..."

"በቀኝ ነው" አለች እህቴ። "ሦስት ጊዜ ደግመው አሳይተውናል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ውሃውን ጠጣሽው አይደል?"