አራት ነጥቡ የት ነው? እንግሊዝኛ ሰዋስው ለጎንደር ልጆች ስከልስ የተማርኩት

ባለፈው ክረምት ማራኪ ሰፈር ባለው ቤቴ 14 ልጆች ሰብስቤ ለ6 ሳምንት እንግሊዝኛ ከለስን። ሁሉም ስምንተኛን ጨርሰው ዘጠነኛ የሚጠብቁ ናቸው። ዘጠነኛ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ያልለየ ልጅ ሁሉም ትምህርት ላይ ይቸገራል።

የመጀመሪያውን ሳምንት አበላሸሁት። አስራ ሁለቱን ቴንሶች በሰንጠረዥ ቦርድ ላይ ጻፍኩ፣ ልጆቹም ገለበጡ። ሕጉንማ በቃላቸው ያውቁታል። «ሂ፣ ሺ፣ ኢት ሲሆን ግሱ ላይ ኤስ ይጨመራል» ብለው በአንድ ድምፅ ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ትናንት የዋላችሁትን ግማሽ ገጽ ጻፉልኝ» ስላቸው ሕጉ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

አንዷ ልጅ ግማሽ ገጹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ኮማ፣ ኮማ፣ ኮማ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወረቀቷን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ደጋግሜ አነበብኩት፣ በመጨረሻ ወደ አማርኛ መልሼ ጮክ ብዬ ስለው ነገሩ ገባኝ፦ «ጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርስ በልቼ፣ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ለእናቴ ሽንኩርት ገዝቼ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ቤት ገባሁ።» ምን ስህተት አለው? ያማረ አማርኛ ነው! «ተነስቼ»፣ «በልቼ» የመሰሉት ቦዝ አንቀጾች ይደረደራሉ፣ መጨረሻ ላይ «ገባሁ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ሁሉንም ሰብስቦ ያስራቸዋል። ልጅቷ የምታስበው በዚህ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ስትደርስ ግን «ተነስቼ» የሚለው «አይ ጎት አፕ» ሆነ፣ «በልቼ» ደግሞ «አይ ኤት ብሬክፋስት»። እያንዳንዱ ባለቤትም ግስም ስላለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሆኗል። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ደግሞ ኮማ ብቻውን አያያይዝም። ወይ ነጥብ ይፈልጋል፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «አንድ» (and)፣ «በት» (but)፣ «ሶ» (so) የመሰለ ማያያዣ፣ ወይ ሴሚኮለን (;)።

በነጋታው ሰንጠረዡን አጠፋሁት። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ቦርዱ ላይ ጻፍኩና «ማሰሪያው የቱ ነው?» ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው አገኙት። እንግሊዝኛውን ከጎኑ ጽፈን ግሶቹን አሰመርንባቸውና በእያንዳንዱ ኮማ ላይ እየቆምን «ይቺ ብቻዋን መቆም ትችላለች?» እንጠይቃለን። የአብነት ትምህርት ቤት የቆየ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እንደ ዳዊት ንባብ ነው፣ የት እንደሚታረፍ ካልታወቀ ትንፋሽ ያልቃል» አለ። ወደድኩለት። ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን፣ የእንግሊዝኛ ኮማ ትንፋሽ በወሰድን ቁጥር የሚቀመጥ አይደለም፣ የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ነው የሚከተለው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር ከአማርኛ መጀመር ያዝን። «ዘነበ» በአማርኛ ብቻውን ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንግሊዝኛ ግን ባለቤት ካልተቀመጠለት አይሆንለትም፤ «ኢት ሬይንድ» ይላል። አምስት እንቁላል ስንል እንቁላሎች ማለት አያስፈልገንም፤ ቁጥሩ በቂ ነው። ለዚህ ነው ልጆቹ «ፋይቭ ኤግ» የሚጽፉት። «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ ግን ሄድኩ» እንላለን፣ ስለዚህ «ኦልዞው» ካሉ በኋላ «በት» ይጨምራሉ፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቴንስ ላይ ከተማችን ራሷ ረዳችኝ። «ፋሲል ጎንደርን በ1636 መስርቷል» ብንል አማርኛው ችግር የለበትም። ልጆቹም «ሃዝ ፋውንድድ» ብለው ተረጎሙት። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ መቼ እንደሆነ ከተጠራ «ሃዝ»ን አይቀበልም። ዓመቱ ካለ «ፋውንድድ» ብቻ ይበቃል። (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም በዚያው አነሳን።)

ትልቁን ፊደል በአጭሩ ነው ያለፍኩት። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ይረሳሉ፣ ጎንደርን እንኳ በትንሹ ጂ ይጀምሯታል። ጽፈው ሲጨርሱ ለእሱ ብቻ አንድ ጊዜ እንዲያነቡት አደረግኩ። አፖስትሮፊ (') ግን ጊዜ ወሰደብን። «የእናቴ ቦርሳ» ስንል «የ» የሚሠራውን ሥራ እንግሊዝኛ በአፖስትሮፊና በኤስ ይሠራዋል አልኳቸው፣ ገባቸው። «ኢትስ» ላይ ስንደርስ ግን ተደናገሩ። የእሱ ለማለት ከሆነ አፖስትሮፊ የለውም፤ «ኢት ኢዝ» ብለህ ዘርዝረህ ስታነበው ትርጉም ከሰጠ ግን አለው። ፒያሳ ሲሄዱ ታፔላ እያነበቡ እንዲመጡ አዘዝኳቸው፣ ብዙ ለማሳየት ብቻ አፖስትሮፊ የተሰካባቸውን ለቅመው መጡ፣ ያ ቀን ከሁሉም ቀን የበለጠ የተከራከርንበት ነበር።

የሚቆጨኝ ነገር ቀዩ እስክሪብቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ስህተት በሙሉ አቀላው ነበር። ጥሩ ይጽፍ የነበረ አንድ ልጅ ከግማሽ ገጽ ወደ ሦስት መስመር ወረደ፣ ብጠይቀው «ባጭሩ ስጽፍ ስህተቱ ያንሳል» አለኝ። አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ መረጥኩ። ይሄ ሳምንት የነጥብ ከሆነ፣ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጁ ወደ ግማሽ ገጹ ተመለሰ።

ያቺ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ የሞላችው ልጅ ኅዳር ላይ የባዮሎጂ መጽሐፏን ታቅፋ በር አንኳኳች። አንድ መስመር ላይ ጣቷን አድርጋ «ቲቸር፣ ሁለቱም ብቻቸውን መቆም ይችላሉ፣ ታዲያ ለምን ነጥብ አላደረገም?» አለችኝ። ሴሚኮለን ነበር። ወንበር ስቤላት አብረን አነበብነው።