አንደኛ ገጽ ላይ አወጣችኋለሁ ያለን ሰውዬ

እህቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው ተራውን የሚጠብቀው። ዌብሳይት ይኑርሽ ብዬ የጎተጎትኳት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ዌብሳይቱ ሰው አላመጣም ሲባል የምወቀሰውም እኔው ነኝ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስታችን ልጅ «ጎግል ላይ ብፈልግ ብፈልግ የላችሁም» ብላ የደወለች ቀን ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

ያኔ ነው ሰውየው የመጣው። በሰው በሰው ነው ያገኘነው። «በ3 ወር ውስጥ ጎግል አንደኛ ገጽ፣ ዋስትና አለው» አለን። ከፈልን። ስንት እንደከፈልን አልጽፍም፣ እናታችን ይህን ታነባለች። በየወሩ መጨረሻ ያማረ ሪፖርት ይልክልናል፤ ባለቀለም ግራፍ አለው፣ ወደ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ ቀስት አለው፣ «40 ኪወርድ ተሞልቷል» የሚል መስመር አለው (ኪወርድ ማለት የፍለጋ ቃል ነው)። እኔም እንደገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ አነባለሁ።

በሁለተኛው ወር አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጎግልን መሣሪያ ከፈትኩ። ነፃ ነው። ድሮ ዌብማስተር ቱልስ ይባል ነበር፣ ስሙ የተቀየረው በ2015 ነው። የሳይቱ ባለቤት መሆናችሁን ታረጋግጣላችሁ፣ ማለትም ወይ አንድ ፋይል ሳይቱ ላይ ትጭናላችሁ ወይ ዶሜይኑ፣ የሳይቱ ስም ማለት ነው፣ የተመዘገበበት ቦታ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። ከዚያ ጎግል ገጾቻችሁን እንዴት እንደሚያያቸው ይነግራችኋል። የሱቁን ገጽ አድራሻ አስገብቼ ስጠይቀው የመለሰልኝ አጭር ነው፦ ኖኢንዴክስ፣ «አትመዝግበው» እንደማለት። ሳይቱ የተሠራበት ዎርድፕረስ የሚባል ፕሮግራም ላይ፣ እንደ ጎግል ያሉ ሰርች ኢንጂኖች ሳይቱን እንዳይመዘግቡት የምታደርግ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሳይቱን የሠራልን ልጅ ሥራው እስኪያልቅ ብሎ ምልክት አድርጎባት ነበር፣ ሲጨርስ ረሳት። በር ቆልፈን እንግዳ ስንጠራ ነው የከረምነው። የሚከፈለው ሰውዬ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ በሩን አልሞከረውም።

ምልክቷን አነሳሁ፣ የገጾቹን ዝርዝር የያዘውን ሳይትማፕ እዚያው ሰርች ኮንሶል ላይ አስገባሁ፣ ዋናውን ገጽ ደግሞ «መዝግብልኝ» ብዬ ጠየቅኩ። በሳምንቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመርን። ለሰውየው አልነገርኩትም። በሦስተኛው ወር ሱቅ መጣና ስልኩን አውጥቶ የሱቁን ስም ጽፎ «ይኸው፣ አንደኛ!» አለ። የሱቁን ስም የሚያውቅማ ስልካችንንም ያውቃል። እህቴ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ስሜን ጠርተህ እኔን ብታገኝ ምን ይገርማል?»

ያኔ ነው ሪፖርቶቹን እንደገና ያነበብኳቸው። ያ «40 ኪወርድ» የተሞላው ሜታ ኪወርድ በሚባል፣ አንባቢ በማያየው የገጹ ኮድ ውስጥ ባለ ቦታ ላይ ነው፣ ጎግል ደግሞ ይህን ቦታ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 በይፋ ተናግሯል። ሌላው «500 ባክሊንክ» የሚል ነበር፣ ከሌሎች ሳይቶች ወደ እኛ የሚጠቁሙ ሊንኮች ማለት ነው። ሊንክ ዋጋ እንዳለው እውነት ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ስታንፎርድ ተማሪ ሳሉ በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ ራሱ ይኸው ነው፣ አንዱ ገጽ ሌላውን ሲጠቁም እንደ ምስክርነት ይቆጠር፣ የታመነ ገጽ ምስክርነት ደግሞ ይብለጥ። ግን የእኛ ምስክሮች እነማን ናቸው ብዬ ሰርች ኮንሶል ላይ ሳይ ቁማር ቤቶች፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፉ ባዶ ብሎጎች፣ የጎማ ሻጭ። የሀበሻ ቀሚስ እና ጎማ! ጎግል ከ2012ቱ ፔንጉዊን ዝማኔው ጀምሮ እንዲህ ያለውን የተገዛ ሊንክ እያሳደደ ነው፤ ደረጃ ለማግኘት ሊንክ መግዛት ሕጉን መጣስ እንደሆነም በግልጽ ጽፏል። አንደኛ እንደምትወጡ ማንም ዋስትና ሊሰጣችሁ እንደማይችልም ራሱ ጎግል ነው የጻፈው። ይህን አስቀድሜ ባነብ ኖሮ ያ ገንዘብ ስንት ጥለት ይገዛ ነበር።

ይሄን ሁሉ ያወራሁት ሰውየውን ለማማት ብቻ አይደለም (ትንሽ ለማማትም ነው)። ሰርች ኮንሶል ውስጥ ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ነገር ነው ዋናው። ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ገጻችሁ እንደታያቸው፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው ሊንኩን እንደተጫነው፣ በአማካይ ስንተኛ ተራ ላይ እንደነበር ያሳያል። እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያስቀምጣል። በጣም ጥቂት ሰው የጻፈውን ለምስጢር ሲል ይደብቃል እንጂ የቀረው ይታያል። እኔ ቃላቱን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ከራሴ ነበር ስፈጥር የኖርኩት። ደንበኞቻችን ግን እንደኔ አይጽፉም።

መጀመሪያ ፊደሉ። እኔ ገጹ ላይ «የሐበሻ» ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት ልክ ልሁን ብዬ። ፈላጊው «የሀበሻ» ይላል። እኔ «ሠርግ» ስል እሱ «ሰርግ» ይላል። ለእኛ ሲነበብ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ እንደ ሐ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የእኛን ሪፖርት ሳይ ለሁለቱ አጻጻፍ የነበረን ተራ አንድ አልነበረም፤ በአንዱ አስረኛ አካባቢ፣ በሌላው ሁለተኛው ገጽ ውስጥ ተቀብረናል። ስለዚህ ርዕሱን ሰው እንደሚጽፈው አደረግኩት፣ ውስጡ ላይ ደግሞ ሌላኛውን አጻጻፍ አንድ ሁለት ቦታ ሳያስጠላ አስገባሁ። የአማርኛ መምህሬ ቢያዩኝ ይቆጡኛል። ይቅርታ ጋሼ።

ቀጥሎ በላቲን ፊደል የሚጽፈው ሰው። ይሄ ብዙ ነው፣ በተለይ ውጭ ያለው። የስልኩ ኪቦርድ አማርኛ የለውም፣ ወይም አለው ግን ማን ይቀያይራል። ቀሚስን በኬ የሚጽፍ አለ፣ በኪው የሚጽፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ ኢ የሚጨምር አለ። እዚያ የተወለደው ልጅ ደግሞ ጭራሽ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ባህላዊ ልብስ» ብሎ ነው የሚፈልገው። ለዚህ አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም መጠቅጠቅ አያዋጣም። የእንግሊዝኛውን ገጽ ለብቻው አደረግን፣ አማርኛውንም ለብቻው።

በነገራችን ላይ የገጹ አድራሻ ላይ አማርኛ ስታስገቡ ተጠንቀቁ። ጎግል ያነበዋል፣ ችግር የለውም። ግን ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆና ትፈታለች። «የሀበሻ-ቀሚስ» ከነሰረዟ 64 ምልክት ትሆናለች፣ የፐርሰንት መዓት። ቴሌግራም ላይ ለአንድ አክስት ስትልኩላት ቫይረስ መስሏት አትከፍተውም። የእኔ አክስት አልከፈተችም።

የሚከፈልባቸውን መሣሪያዎችም ሞክሬያለሁ። የትልልቆቹ መደበኛ ጥቅል በወር ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ያውም ዶላር የሚቀበል ካርድ ካላችሁ ነው። የአክስታችን ልጅ በካርዷ ለአንድ ወር ከፈለችልን። አንደኛው ላይ «የሀበሻ ቀሚስ» ብዬ በፊደላችን ስጠይቀው የፈላጊው ብዛት ዜሮ ነው አለኝ፣ እኛን ግን በዚያው ቃል ሰው እያገኘን ነበር። በእንግሊዝኛ ለሚሸጥ ሰው ሊጠቅሙ ይችላሉ፣ አልክድም። በአማርኛ ለሚሠራ ትንሽ ሱቅ ግን ነፃዎቹ ይበቃሉ ባይ ነኝ። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው አህሬፍስ ለሳይት ባለቤቶች ነፃ የሆነ ክፍል አለው፣ ማን እንደጠቆማችሁና የትኛው ሊንክ እንደተሰበረ ያሳያል። ስክሪሚንግ ፍሮግ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነው፣ እስከ 500 አድራሻ ድረስ በነፃ እየዞረ ርዕስ የሌለውን ገጽና የጠፋውን ይለቅማል። የማይክሮሶፍት ፍለጋ የሆነው የቢንግም ዌብማስተር ቱልስ አለ፣ ሳይታችሁንና ሳይትማፑን ከሰርች ኮንሶል ስቦ ያስገባላችኋል፣ አምስት ደቂቃ ነው። ዶሜይን ኦቶሪቲ የሚል የሳይታችሁን ጥንካሬ እለካለሁ የሚል ቁጥር ይዞ የሚያስፈራራችሁ ከመጣ ደግሞ ቁጥሩ ሞዝ የሚባል ድርጅት የራሱ ስሌት ነው፣ የጎግል አይደለም።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቀሚስ በዓይን ነው የሚገዛው። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባል ሌላ ነፃ የጎግል መሣሪያ አለ፤ አድራሻ ትሰጡታላችሁ፣ በስልክ ሲከፈት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይናገራል። የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል። የእኛው ቀይ በቀይ ነበር። እህቴ ፎቶዎቹን ከስልኳ እንዳለ ነው የጫነቻቸው፣ አንዱ 5 ሜጋባይት፣ አንድ ገጽ ላይ አስራ ሁለት። ገጹን የከፈተ ሰው ፓኬጁን ጨርሶ ነው የሚወጣው። ስኩሽ የሚባል ብራውዘር ላይ የሚሠራ ማሳነሻ አለ፣ በእሱ አንድ በአንድ ከ200 ኪሎባይት በታች አወረድኳቸው፣ ጥለቱ አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል። የፋይሉም ስም የካሜራ ቁጥር ነበር። አሁን «የመነን ቀሚስ ቀይ ጥለት» ይላል፣ የፎቶው መግለጫም እንደዚያው። በፎቶ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ያየነው ከዚያ በኋላ ነው።

ካርታውን አትርሱ። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነፃ ነው። ምዝገባው ሲረጋገጥ ቪዲዮ ጠየቀን፣ መንገዱን፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ እህቴ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ቀርጸን ላክን። የጎረቤት ሻጮች ፊልም የምንሠራ መስሏቸው ከበው አዩን። ግን «ወደ ላይ ስትወጣ በስተግራ፣ ከሻይ ቤቷ ቀጥሎ» ከማለት ተገላገልን።

ጥምቀት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? እኔ የጥምቀት ቀሚሶችን ገጽ የከፈትኩት ጥር ከገባ በኋላ ነው። ሪፖርቱን ሳይ ውጭ ያሉት ከኅዳር ጀምሮ ነው የሚፈልጉት፣ ተሰፍቶ፣ ተልኮ፣ በጊዜ እንዲደርስ። ጥር 11 ሲደርስማ ገዝተው ለብሰውታል። ዘንድሮ ገጹ ከጥቅምት ጀምሮ ተቀምጧል፣ አድራሻውንም በየዓመቱ አልቀይረውም፣ ያንኑ ነው የማድሰው።

አሁንም የሚበዛው ደንበኛ በቲክቶክና በሰው በሰው ነው የሚመጣው፣ ልዋሽ አልችልም። ባለፈው ቅዳሜ ግን የቃላቱን ዝርዝር አትሜ ሱቅ ወሰድኩላት። ጣቷን እያስኬደች አነበበችው። «የእናትና ልጅ ቀሚስ» የሚለው ላይ ቆመች። ብዙ ጊዜ ታይተናል፣ ሊንኩን ግን አንድም ሰው አልተጫነውም፣ ምክንያቱም የልጅ ቀሚስ የሚባል ነገር ሳይቱ ላይ የለም። «ይሄ ሁሉ ሰው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለሽማኔው ደወለች፦ «ጋሼ፣ ያን ጥለት ለሕፃን አጥብበው ይሠሩልኛል?»