በዓይን የማትታይ አንዲት ባይት

ባለፈው ክረምት፣ ባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቀው ቢሮአችን፣ የጀልባ መዳረሻዎችን ስም የሚፈልግ አነስተኛ ፕሮግራም ስንሠራ፣ በዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ የተጻፈውን «ዘጌ» የሚለውን ስም ፕሮግራሙ «አልተገኘም» እያለ ሁለት ቀን ሙሉ አስቸገረን። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለው ስም ግን ያለ ችግር ይገኝ ስለነበር፣ ስሕተቱ ከፍለጋው ስልት የመጣ መስሎን የማይመለከተውን ኮድ ስንፈታና ስንገጥም ቆየን። ነገሩ የተገለጠልኝ የስሙን ርዝመት በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ፣ ስቆጥር ነው፤ ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ «ዘጌ» 6 ባይት መሆን ሲገባው 7 ሆኖ ተገኘ።

ሰባተኛዋ ባይት ካሪጅ ሪተርን የሚባለው 13 ቁጥር ምልክት ነበረች። ባልደረባዬ ዝርዝሩን የጻፈው በዊንዶውስ ሲሆን፣ ዊንዶውስ መስመርን የሚዘጋው በ13 እና ላይን ፊድ በሚባለው በ10 ቁጥር ምልክት ተከታትለው ነው፤ ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ የሚሠራው ፕሮግራማችን ደግሞ በ10 ብቻ እየቆረጠ 13ን ከስሙ ጋር አጣብቆ ይተዋታል። የመጨረሻው ስም የዳነው ከኋላው ምንም የመስመር ማብቂያ ስላልነበረው ነው።

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩትን ራፖር ጸሐፊዎች ያየ ሰው የሁለቱን ምልክቶች ምንጭ ለመረዳት አይቸገርም። መስመር ሲያልቅ ሠረገላውን ወደ ጥግ መመለስ አንድ ሥራ ነው፤ ወረቀቱን ከፍ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ጽሑፍን በሽቦ የሚያስተላልፈው የጽሕፈት መሣሪያ ቴሌታይፕ ለመጀመሪያው 13ን፣ ለሁለተኛው 10ን ይጠቀም ነበር። ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና መልቲክስ ከተባለው ቀዳሚው 10ን ብቻ ወረሰ፤ ሊኑክስና የዛሬው ማክም ይህንኑ ተከተሉ። የዊንዶውስ ቀዳሚ የሆነው ኤምኤስ-ዶስ ግን ሲፒኤም የተባለውን የቀድሞ ስርዓት ልማድ ይዞ ሁለቱንም ለዊንዶውስ አወረሰ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም ኖትፓድ እንኳ በ10 ብቻ የተዘጋን መስመር ለይቶ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ በባልደረባዬ ላይ የሚያስፈርድ ጥፋት አላየሁም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። አንድ ሰው አንዲት ቃል አርሞ ፋይሉን ሲያስቀምጥ የሚጽፍበት ፕሮግራም (ኤዲተሩ) የመስመር ማብቂያዎቹን በሙሉ ከቀየረ፣ ጊት እያንዳንዱን መስመር እንደ ተለወጠ ያሳያል፤ እውነተኛው እርማትም በዚያ መካከል ይሰወራል። ብዙዎች እያንዳንዱ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ የመስመር ማብቂያን በራሱ የሚቀይረውን ኦቶሲአርኤልኤፍ የሚባለውን የጊት ቅንብር እንዲያስተካክል ይመክራሉ። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም፤ ነገ ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣው አዲስ ለልምምድ የወጣ ተማሪ ቅንብሩ አይኖረውምና። ስምምነቱ መጻፍ ያለበት ጊትአትሪቢውትስ በተባለው ፋይል፣ ከኮዱ ጋር አብሮ በሚጓዝበት ቦታ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን፦ ስክሪፕት የሚባሉት የሊኑክስ የትእዛዝ ፋይሎች ሁልጊዜ በ10 ብቻ፣ ባች የሚባሉት የዊንዶውስ የትእዛዝ ፋይሎች ደግሞ በሁለቱም እንዲዘጉ ወሰንን። ነባሮቹን ፋይሎች የቀየርነው ሌላ ምንም ለውጥ ባልተቀላቀለበት አንድ ኮሚት (ጊት በአንድ ጊዜ የሚመዘግበው የለውጥ ጥቅል) ነው፤ ጊት የመስመሮቹን ባለቤት ሲያሳይም ያንን ኮሚት እንዲዘለው አዘዝነው።