ክርን ከመታሸቱ በፊት፦ ማሳጅና ፊዚዮቴራፒ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን አንጠልጥሎ አራተኛ ፎቅ መውጣት ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ያውም በአንድ ጎን። ወገቡን የያዘውን ሰው ጎረቤት «ታሽ፣ ይለቅሃል» ይለዋል። ማሳጅ ቤት የሄደውም ወጌሻ ጋ የሄደውም ሲመለስ «ፊዚዮ ተሠራሁ» ይላል። ሥራው ግን ለየቅል ነው።

ማሳጅ በሸክም የደነደነ ትከሻን ያላላል፣ ሕመምን ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ያስታግሳል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ግን የደከመ ጡንቻ ስለታሸ አይበረታም፤ ጀሪካኑ እንደገና ሲነሳ ወገቡ እንደገና ይይዛል።

ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ይመረምራል። በጀርባ አስተኝቶ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ እግርን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሕመሙ ከጉልበት በታች ከተወረወረ የነርቭ ሥር መነካቱን ይጠረጥራል። ከዚያ የቤት ሥራ ይሰጣል። ጉልበቱ ለደከመ ሰው ለምሳሌ፦ ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበት ሥር ማድረግ፣ የጭንን ፊት አጥብቆ ፎጣውን ቁልቁል መጫን፣ 5 ሰከንድ ቆጥሮ መልቀቅ። 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ብዙ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ወይም መቀመጫውን ያነሳና ጭኑ ሳይሠራ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ክርን ነው። ጄሶ ተፈትቶ እጅ አልዘረጋ ሲል ቅቤ ቀብቶ ማሸት፣ ከዚያ በኃይል መሳብ አለ። የተጎዳው ጡንቻ ውስጥ ደም ቋጥሯል፤ ደጋግሞ ሲታሽና ሲጎተት እዚያው ሥጋው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። ያኔ ክርኑ እንደታጠፈ ይቀራል። ደህና ፊዚዮቴራፒስት ክርኑን በጉልበት አይስብም፤ ታማሚው በራሱ ጡንቻ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ያደርገዋል፣ ስንት ዲግሪ እንደደረሰም በየቀጠሮው ለክቶ ይጽፋል። አዝጋሚ ነው፣ ያሰለቻል።

አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ በተለይ ከጄሶ ወይም ከረጅም መኝታ በኋላ፣ ማንም አይሸው። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ከወገብ ሕመም ጋር በጭንና ጭን መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ ከመጣም ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው።