«አዞረኝ» ሲሉኝ ያልጠየቅኳቸው እናት

አንድ የታካሚ ካርድ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኳቸው ሦስት ቃላት አሉ፤ «በጾም ድካም ወድቀው» ይላሉ። ከእሳቸው አንደበት የሰማኋቸው አልነበሩም። አጥንት ክፍሉ ከላከልን የሪፈራል ወረቀት ላይ የገለበጥኳቸው ናቸው። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ያን ያህል ዋጋ ያስከፈለ መስመር ጽፌ አላውቅም። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

እማማ 68 ዓመታቸው ነበር። የስቅለት ዕለት ከማለዳ ጀምረው ሲሰግዱ ውለው፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ከአንዱ ስግደት ቀና ሲሉ ወደቁ። በቀኝ ጎናቸው ያረፉት የድንጋይ ደረጃ ጠርዝ ላይ ነው። የጭን አጥንታቸው ከአንገቱ ላይ ተሰበረ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የአጥንቱ ራስ ወጥቶ በብረት ተተካ። እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሲሰግዱ የዋሉ አዛውንት ቢወድቁ ማን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል? ልጃቸው «ጾሙ ነው» አለች፤ ተረኛው ሐኪም ጻፈው፤ እኔም ገለበጥኩት።

በቀዶ ሕክምናው ማግስት ከአልጋ ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን በዎከር፣ ማለትም በባለ አራት እግሩ የመራመጃ ድጋፍ፣ ስድስት እርምጃ ተራመዱ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን በልጃቸው ተደግፈው ይመጡ ጀመር። እንደሳቸው ያለ ታካሚ ብዙ አይገጥምም። ዳሌው ከቦታው እንዳይወልቅ ወደ ፊት ከልክ በላይ እንዳያጎነብሱ፣ እግር እንዳያጣምሩ፣ የቀኝ እግራቸውን ወደ ውስጥ እንዳያዞሩ ስነግራቸው አንዱንም አልዘነጉም። ቡና የሚያፈሉበትን በርጩማ ለጎረቤት ሰጥተው በወንበር ላይ ሆነው ማፍላት ለመዱ። «ሲወጡ ደህናው፣ ሲወርዱ የታመመው» የምንለውን የደረጃ ሕግ እንደ ዳዊት ደገሙት። ምርኩዙንም ከታመመው ተቃራኒ በሆነው በግራ እጃቸው ያዙ። ይህን ብዙ ሰው አይቀበለውም፤ ምርኩዝ የሚደግፈው በታመመው በኩል ሲያዝ ይመስለዋል። በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ግን ዳሌው የሚሸከመው ጫና ይቀንሳል። እሳቸው አንድ ጊዜ ካሳየኋቸው በኋላ እጅ ቀይረው አያውቁም።

ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እስከሚቀመጥ ያለውን ጊዜ እንለካለን። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅባቸው አረጋውያን ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው ተብሎ ይያዛል። እማማ በሁለተኛው ሳምንት 41 ሰከንድ ነበር የፈጀባቸው፤ በአምስተኛው 19 ሆነ። ቁጥሩን ለልጃቸው ስነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ኮራሁ።

ኩራቴ አንዳንድ ነገር እንዳላይ አደረገኝ። እማማ አልጋ ላይ ሲወጡ ሁልጊዜ ሁለት ትራስ ይጠይቃሉ፤ አንገታቸውን ለማሳረፍ መሰለኝ። የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ነው፤ የቀኝ ዳሌያቸው የታመመ ስለሆነ ልክ ናቸው አልኩ። ክንዳቸውን አንሥተው ወደ ላይ እንዲያዩ ሳዛቸው ክንዳቸው ይነሣል፣ አገጫቸው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ሁለት ጊዜ ደግሞ በግልጽ ነግረውኛል፦ «ልጄ፣ ትንሽ አዞረኝ።» ሁለቱንም ጊዜ የደም ግፊታቸውን ለካሁ፣ ደህና ሆኖ አገኘሁት፣ ውኃ አጠጣኋቸውና ሥራችንን ቀጠልን።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የክፍላችን ትራሶች በሙሉ ልብስ ማጠቢያ ሄደው ነበር። እማማን ያለ ትራስ አስተኛኋቸው። በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጥፈው መቀመጫቸውን የሚያነሡበት እንቅስቃሴ ነበር ተራው። እኔ በቀኛቸው ቆሜ «እማማ፣ ወደ እኔ ይዩ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ። ጥቂት ቆይተው የነጭ ጋዎኔን ጫፍ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ፤ አያያዛቸው ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አያያዝ ነበር። ዓይናቸው ሲርገበገብ አየሁ። አይቻለሁ። ግን ዓይናቸውን ትቼ ወደ ግፊት መለኪያው ዞርኩ።

ቀና አድርጌ አስቀመጥኳቸው። «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አሉ። እንደገና ሲንገዳገዱ የተኛ ሰው ድንገት ሲነሣ የሚሰማው ነው ብዬ አሰብኩ። እግራቸው መሬት መንካቱን አረጋግጬ ምርኩዛቸውን ላመጣ ዞርኩ። ግድግዳው ጋር ለመድረስ ሁለት እርምጃ ነው። ድምፁን የሰማሁት ጀርባዬን ሰጥቼ እያለሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት በዝርዝር አልጽፈውም። የዳሌው ራጅ እስኪወጣ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ብረቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። የግራ እጃቸው አንጓ ግን ተሰብሯል። ምርኩዝ የሚይዙበት እጅ ነው! አምስት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት እጅ ጀሶ ውስጥ ገባ።

ልጃቸው አልጮኸችብኝም። «ዛሬማ ጾም የለም፤ በዓለ ሃምሳ ነው። ጠዋት ቁርሳቸውን በልተዋል» ብቻ አለችኝ። ይህን ስትል ምን እንደምትነግረኝ እሷም ያወቀች አይመስለኝም። እኔ ግን ካርዱ ላይ የጻፍኩት መስመር ያን ጊዜ ታየኝ። የክፍላችን አንጋፋ ባለሙያ አደጋውን ለማስመዝገብ ቅጹን ይዘው መጡና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «መጀመሪያ ጊዜ ሲወድቁ ምን እያደረጉ ነበር?» «ይጾሙ ነበር» አልኩ። «ጾምማ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ጾመዋል። በዚያች ቅጽበት ጭንቅላታቸው የት ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ስለ ዳሌያቸው የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ አወዳደቃቸው ግን ምንም አላውቅም ነበር።

ጀሶው እስኪደርቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፤ አንቺ ምን አደረግሽ» አሉ። ቀጥዬ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃቸው ይገባ የነበረውን ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ አዞረኝ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ዓይንዎ ይጨልማል? ጭው ይልብዎታል? ጉልበትዎ ይከዳዎታል? ወይስ ቤቱ ራሱ ነው የሚዞረው?»

በእኛ ቋንቋ «አዞረኝ» የማይሸከመው ሕመም የለም። የራበው አዞረኝ ይላል፣ ደም ያነሰው ይላል፣ ግፊቱ የወረደበት ይላል፣ ያልተኛ ይላል፣ ያዘነም ይላል። ቃሉ አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ብዙ ነው። ቃሉን ብቻ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው የመጣለትን ምክንያት ይዞ ይሄዳል፤ እኔ እንዳደረግኩት።

«ቤቱ ነው እንጂ» አሉ። «ጣሪያው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ከገና በፊት ነው የጀመረኝ። በቀኜ ስገላበጥ ይመጣል። ከመደርደሪያ ሰፌድ ላወርድ ቀና ስል ይመጣል። አባታችን ሆይ ብዬ ደግሜ ሳልጨርስ ደግሞ ይተወኛል።» የስቅለት ዕለትስ? «ከስግደት ቀና ስል ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ። ምሰሶውን ልይዝ እጄን ሰደድኩ፤ ምሰሶው የለም።» ለምን አልተናገሩም? «ልጄ ብትሰማ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን አትሰደኝም።» ሁለቱ ትራስ፣ በግራ ብቻ መተኛቱ፣ የማይነቃነቀው አገጭ፣ ሁሉም እሳቸው በራሳቸው ያበጁት መከላከያ ነበር። እኔ ትራሶቹን ወሰድኩባቸው።

ነገሩ በትምህርት ቤት የተማርኩት፣ ከጆሮ ክፍል የተላኩልኝ ሌሎች ታካሚዎች ላይም የሠራሁበት ነው። በውስጠኛው ጆሯችን የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። በቦታቸው ሳሉ ጭንቅላታችን ወዴት እንዳዘነበለ ያሳውቁናል። ከቦታቸው ተላቀው ከሦስቱ ግማሽ ክብ ቦዮች ወደ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው፣ ሲገቡ ግን ሰውየው በተገላበጠ ወይም ቀና ባለ ቁጥር በቦዩ ውስጥ ይንከባለላሉ። ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም ሰውየው እየተሽከረከረ ያለ ይመስለዋል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይተዋል። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል። ጭንቅላትን መሬት አድርሶ ቀና ማለት፣ ማለትም ስግደት፣ ቅንጣቶቹን የሚያንከባልል እንቅስቃሴ ነው። እማማን ሌላ ክፍል ልኮልኝ ቢሆን በአምስት ደቂቃ እደርስበት ነበር። ወደ እኔ የመጡት ግን «የዳሌ ታካሚ» ተብለው ስለሆነ ከዳሌያቸው በላይ አላየሁም።

ከሳምንት በኋላ፣ ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው፣ ምርመራውን አደረግን። እያንዳንዱ መሽከርከር ከጆሮ አይደለምና አስቀድሜ ንግግራቸውን፣ የፊታቸውንና የክንዳቸውን ጥንካሬ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸው እንደሆነ፣ አንገታቸውን፣ ተኝተውም ቆመውም የደም ግፊታቸውን አየሁ። ከዚያ ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሃልፓይክ በ1952 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የገለጹትን ፈተና ሠራሁ። ፊታቸውን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙሬ፣ ጭንቅላታቸው ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ እንዲያዘነብል አድርጌ አስተኛኋቸው፤ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላ ደግፋቸዋለች። አምስት ያህል ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታችኛው ጆሯቸው እየተጠማዘዘ መምታት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ዓይኔን ከዓይናቸው አልነቀልኩም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

ሕክምናው አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ይሠራ የነበረው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ያወጣው የጭንቅላት አዟዟር ነው፤ በሰፊው የታወቀው ጽሑፉ የወጣው በ1992 ነው፣ ይህም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። መድኃኒት አይፈልግም፣ መሣሪያም አይፈልግም። ቅንጣቶቹ በገቡበት ቦይ ዞረው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ታካሚውን ደረጃ በደረጃ ማገላበጥ ብቻ ነው። የእማማ ችግር ሌላ ነበር። ከደረጃዎቹ አንዱ ወደ ግራ ጎን ተንከባሎ አፍንጫን ወደ መሬት ማድረግን ይጠይቃል። በግራ ጎን ሲተኙ ደግሞ ቀኝ እግራቸው ወደ ውስጥ ወድቆ አዲሱን ዳሌ ሊያወልቀው ይችላል፤ የግራ እጃቸውም በጀሶ ስለሆነ ተደግፈው አይነሡም። በጉልበቶቻቸው መካከል ሁለት ትራስ አስገብተን አሰርናቸው፣ ጀሶውን በፎጣ ደገፍነው። ጭንቅላቱን እኔ፣ ትከሻውን ባልደረባዬ፣ እግሩን ልጃቸው ይዘን እንደ አንድ ሰው ዞርን። በእያንዳንዱ አቀማመጥ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሲቀመጡ በሁለት እጄ ይዤያቸው ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ያህል አለቀቅኳቸውም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የካርዳቸውን የመጀመሪያ ገጽ አወጣሁ። «በጾም ድካም ወድቀው» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ ከሥሩ «ከስግደት ቀና ሲሉ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮባቸው ወድቀው» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን አስቀምጬ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ በስብራት የሚመጣ አረጋዊ ሁሉ ከእግሩ በፊት አወዳደቁን ይነግረኛል። ጭንቅላቱ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ፣ ምን ሊይዝ እጁን እንደሰደደ ሳልሰማ ጉልበት አልነካም። ጊዜ ይወስዳል፤ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ያለው ሰው ያጉረመርማል። ይሁን።

በሚቀጥለው ሳምንት እማማን ያለ ትራስ አስተኝቼ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። «ጮክ ብለው ይድገሙት» አልኳቸው። አባታችን ሆይ ብለው ጀመሩ፤ ዓይናቸው እንደ ኩሬ ውኃ ረግቶ ጣሪያውን እያየ እስከ አሜን ደረሱ። ስለ ስግደት ጠየቁኝ። ዳሌያቸው ስላልፈቀደ የንስሐ አባታቸው ቆመው እንዲጸልዩ እንደነገሯቸው አወሩኝ፤ እኔም በዚያው ይቆዩ አልኳቸው። ምርኩዙን ጀሶው እስኪፈታ በክንድ መደገፊያ ባለው ሌላ ዓይነት ተካንላቸው፤ ሐምሌ ውስጥ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጡ ዕለት፣ ዝናቡ እስኪያባራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እንዴት እንደሚተኙ ጠየቅኳቸው።

«በአንድ ትራስ» አሉ። «ሁለተኛውን ለልጄ መለስኩላት።»